ሁሉም ወደ በሩ ሲሮጥ ማን ይቀራል?

የኢንቨስትመንት ፈንድ ሲባል ብዙዎቻችን የሀብታሞች ወሬ ይመስለናል። ቴል አቪቭ ውስጥ ያለ የመስታወት ሕንፃና ቀይና አረንጓዴ ቁጥር የሚሮጥበት ስክሪን ነው የሚታየን። እኛ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ደግሞ ስለ ድህነት፣ ስለ ቤተሰብና ስለ መብት እንማራለን፤ የገንዘብ ገበያውን ለኢኮኖሚ ፋኩልቲ ልጆች ትተንላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ይህን መተው እንቃወማለን። ፈንዶች በአገር የገንዘብ መረጋጋት ላይ አደጋ ሊያመጡ ይችላሉ። አደጋው ሲመጣ ደግሞ ክፉኛ የሚጎዳው ፈጥኖ መሸሽ የማይችለው ሰው ነው። ስለዚህ ቁጥጥር ያስፈልጋቸዋል፤ ቁጥጥሩም ስለ እኛ ወላጆች ሊታሰብበት ይገባል እንላለን።

ነገሩን ከትሉሽ እንጀምር። በእስራኤል ከጥር 2008 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለሠራተኛ ሁሉ ፔንሲያ መቆጠብ ግዴታ ሆኗል። ከዚያ በፊት የጋራ ስምምነት በሌለበት ቦታ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ፔንሲያ የሚባል ነገር አልነበረውም። መጀመሪያ የሚቆጠበው ከደሞዙ 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። በየዓመቱ እየጨመረ ሄዶ ከ2017 ጀምሮ ዝቅተኛው መጠን 18.5 በመቶ ደረሰ፤ 6 በመቶ ከሠራተኛው፣ 6.5 በመቶ ከአሠሪው፣ 6 በመቶ ደግሞ ለፒጹዪም። ይህ ማለት በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በፋብሪካ፣ በአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠሩ ወላጆቻችን ሁሉ፣ ወደዱም ጠሉም፣ የገበያ ባለገንዘብ ሆነዋል ማለት ነው። ገንዘባቸው በአክሲዮን፣ በቦንድ፣ በሕንፃና በውጭ አገር ገበያ ተበትኖ ይሠራል። አክሲዮን ገዝቶ የማያውቅ ሰው ባለ አክሲዮን ነው።

ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ፈንድም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንድ ሰው ብቻውን የማይገዛውን ብዙ ሰው ተሰባስቦ ይገዛዋል፤ አንዱ ድርጅት ቢወድቅ ሌላው ይሸከመዋል። እናቶቻችን ዕቁብ ሲገቡ የተማመኑት በተመሳሳይ ነገር ነው። ነገር ግን ዕቁብ ያለ ሕግ አይሄድም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው በማግስቱ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠየቃል። ሰዎቹ ፊት ለፊት የሚተዋወቁ፣ አንድ ለቅሶ ቤት የሚቀመጡ ሆነው እያለ እንኳ ዋስ ይጠየቃል። በፈንድ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን አይተዋወቁም፤ ገንዘቡ ያለበትንም አያዩትም። ዕቁብ ዳኛ ካስፈለገው፣ ፈንድ እንዴት ያለ ዳኛ ይሄዳል?

አደጋው ምን እንደሆነ በቀላል ምሳሌ እናሳይ። አንድ መቶ ሰዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ሸቀል ያስቀመጡበት ፈንድ አለ እንበል። ፈንዱ ለሁሉም «በፈለጋችሁ ቀን ገንዘባችሁን ታወጣላችሁ» ብሏቸዋል። ከጠቅላላው 100,000 ሸቀል ውስጥ ግን 20,000ው ብቻ በጥሬ ገንዘብ አለ፤ የቀረው ቶሎ በማይሸጥ ቦንድ ላይ ነው። ክፉ ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚደርሱት 20 ሰዎች ሙሉ ገንዘባቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሃያ አንደኛው ሲመጣ ፈንዱ ቦንዱን በችኮላ፣ በወረደ ዋጋ መሸጥ ይጀምራል። ኪሳራው የሚወድቀው በቀሩት ላይ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ደግሞ ቀድሞ ለመሮጥ ይነሳል። እያንዳንዱ ለራሱ ብልህ ሲሆን ሁሉም አንድ ላይ ይጎዳሉ።

ጉዳቱ በዚያ ፈንድ አጥር ውስጥ ቢቀር ኖሮ የባለገንዘቦቹ ጉዳይ ብቻ ነበር። አይቀርም። ያ ቦንድ በችኮላ ሲሸጥ ዋጋው ለሁሉም ይወርዳል፤ ተመሳሳይ ቦንድ የያዘ ሌላ ፈንድ፣ የኢንሹራንስ ድርጅትና የፔንሲያ ፈንድም በወረቀት ላይ ይከስራል። ቦንድ ሸጦ ደሞዝ የሚከፍል ድርጅት ደግሞ አበዳሪ ያጣል። አበዳሪ ያጣ ድርጅት መጀመሪያ የሚቀንሰው ማንን እንደሆነ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልገንም።

ይህ በቃል የተፈጠረ ምሳሌ ብቻ አይደለም። መስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ሲወድቅ፣ ሪዘርቭ ፕራይመሪ የሚባል የገንዘብ ገበያ ፈንድ ነበር። ፈንዱ ወደ 62 ቢሊዮን ዶላር ነበረው። ሰው ገንዘቡን እንደ ባንክ ሒሳብ አስተማማኝ ነው ብሎ ነበር ያስቀመጠው። በሌማን የብድር ሰነድ ላይ የነበረው 785 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከጠቅላላው አንድ በመቶ ከትንሽ በላይ መሆኑ ነው። ያ ግን በቃ። የአንድ ዶላር ድርሻ 97 ሳንቲም ሆነ ሲባል ሁሉም ሮጠ፤ ሩጫው ወደ ሌሎች ፈንዶችም ተዛመተና የአሜሪካ መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለገንዘብ ገበያ ፈንዶች ዋስ ለመሆን ተገደደ። በመጨረሻ የዚያ ፈንድ ባለድርሻዎች ከአንድ ዶላር 99 ሳንቲም ገደማ አገኙ። ኪሳራው ራሱ ትንሽ ነበር፤ አገር ያንቀጠቀጠው ሩጫው ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። መጋቢት 2020 ኮሮና ሲገባ የእስራኤል ሕዝብ ከኬረን ኔኤማኑት በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ሸቀል በአንድ ወር አወጣ። ፈንዶቹ ለመክፈል ቦንድ ሸጡ፣ የቦንድ ዋጋ ወደቀ። በዚያው ሳምንት ሌላም ነገር ሆነ። የፔንሲያና የኢንሹራንስ ገንዘብ የሚያስተዳድሩት ትልልቅ ድርጅቶች በውጭ አገር አክሲዮን አላቸው። የዶላር ዋጋ ቢወርድ እንዳይጎዱ ደግሞ የመከላከያ ውል ይገባሉ። የዓለም አክሲዮን ሲወድቅ ውሉ ወዲያው ዶላር አምጡ አላቸው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ዶላር ፈለጉ። የእስራኤል ባንክ እስከ 15 ቢሊዮን ዶላር ለገበያው እንደሚያቀርብ አስታወቀ፤ ከዚያም የመንግሥት ቦንድ እስከ 50 ቢሊዮን ሸቀል ለመግዛት ወሰነ፤ በሐምሌ ደግሞ የድርጅቶችን ቦንድ ጨመረበት። እሳቱ ጠፋ። ያጠፋው ውኃ ግን የሕዝብ ውኃ ነበር።

«የፔንሲያ ገንዘብ እስከ ጡረታ የታሰረ ነው፣ ማንም ሮጦ አያወጣውም፣ ስለዚህ ሥጋቱ የለም» የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ረጅም ዕድሜ ያለው ገንዘብ ዋጋ ሲወርድ ላለመሸጥ ይችላል፤ እንዲያውም ሌላው ሲሸሽ ይገዛል። በዚህ በኩል የፔንሲያ ፈንድ ገበያን ያረጋጋል። ግን መስከረም 2022 በብሪታኒያ የሆነውን እንይ። እዚያ የፔንሲያ ፈንዶች በመንግሥት ቦንድ ላይ፣ በብድር ጭምር፣ ገንዘብ አስገብተው ነበር። መንግሥት በመስከረም 23 ያወጣው በጀት ገበያውን ሲያስደነግጥ የቦንዱ ዋጋ ወረደ፤ አበዳሪዎቹ ተጨማሪ መያዣ ጠየቁ፤ ፈንዶቹ መያዣ ለማምጣት ያንኑ ቦንድ ሸጡ፤ ዋጋው ይበልጥ ወረደ። አዙሪት ሆነ። የእንግሊዝ ባንክ በመስከረም 28 ገብቶ እስከ ጥቅምት አጋማሽ 19.3 ቢሊዮን ፓውንድ ቦንድ ገዛ። አንድም ጡረተኛ አልሮጠም። የሮጠው ብድሩ ነው። ስለዚህ የፔንሲያ ገንዘብ በሩ ተቆልፎ ሳለ እንኳ አደጋ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ክርክር በቅንነት እንስማ፤ ከባድ ክርክር ነውና።

የመጀመሪያው፦ ፈንድ ባንክ አይደለም። ባንክ ያስቀመጥከውን ሙሉ አድርጌ እመልሳለሁ ይላል፤ ፈንድ ግን ትርፉም ኪሳራውም የባለገንዘቡ ነው ይላል። ኪሳራውን የሚሸከም ሰው ካለ፣ መንግሥት ምን አገባው? መልሳችን፦ ኪሳራውን ሁሉም እኩል ቢሸከም ኖሮ ልክ ነበሩ። ከላይ እንዳየነው ግን ቀድሞ የወጣው ኪሳራውን ለቀረው አሸክሞ ይሄዳል። በ2008ም በ2020ም መጨረሻ ላይ የተጠራው መንግሥት ነው። በክፉ ቀን የሕዝብ ገንዘብ የሚጠራ ከሆነ፣ በደህናው ቀን የሕዝብ ሕግ መኖሩ ፍትሕ ነው። እንዲያውም በእኛ አገር መንግሥት ገና ከጅምሩ በነገሩ ውስጥ አለ፤ በአዲሶቹ የፔንሲያ ፈንዶች ከገንዘቡ 30 በመቶው ላይ ከዋጋ ንረት በላይ የተወሰነ ትርፍ ያረጋግጣል።

ሁለተኛው፦ ቁጥጥር ወጪ ያመጣል፣ ወጪው በዝቅተኛው ቆጣቢ ላይ ያርፋል ይላሉ። ይህም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ተቃራኒውንም አይተናል። ሕጉ የፔንሲያ ፈንድ ከተቀማጭ እስከ 6 በመቶ፣ ከተጠራቀመው ደግሞ በዓመት እስከ 0.5 በመቶ የአስተዳደር ክፍያ እንዲያስከፍል ይፈቅዳል። ለብዙ ዓመት ወደ ጣሪያው የተጠጋ ክፍያ የሚከፍለው መደራደር የማይችለው ሠራተኛ ነበር። ከ2016 ጀምሮ ሬሹት ሹክ ሃሆን፣ ማለትም የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪው፣ በጨረታ የተመረጡ ዝቅተኛ ክፍያ ያላቸው ፈንዶችን ለይቶ አወጣ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ፈንድ ያልመረጠ ሠራተኛ ወደ እነዚህ ይገባል። በዚያው ዓመት ሌላም ሕግ ወጣ፦ ምንም ያልመረጠ ቆጣቢ በዕድሜው መሠረት በሚወሰን መሥመር እንዲቀመጥ። እስከ 50፣ ከ50 እስከ 60፣ ከ60 በላይ፤ ዕድሜ ሲጨምር አደጋው እንዲቀንስ ተብሎ። እነዚህ ሁለት ሕጎች ዕብራይስጥ ደብዳቤ ለማንበብ ለሚቸገሩ አባትና እናት ምንም ሳይጠይቁ ይሠራሉ። ጥሩ ቁጥጥር ማለት ለእኛ ይህ ነው፤ ያልጮኸውን ሰው የሚያስብ ሕግ።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይበልጥ ያስጨንቀናል፤ መጥፎ ሕግ ራሱ ሩጫ ያመጣል የሚለው። ይህም ደርሷል። አሜሪካ በ2014 ባወጣችው ሕግ፣ የአንዳንድ ገንዘብ ገበያ ፈንዶች በሳምንት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብት ከ30 በመቶ ከወረደ፣ ፈንዱ በሩን ለጊዜው ሊዘጋ ወይም የመውጫ ክፍያ ሊጠይቅ ተፈቀደለት። ሐሳቡ ሩጫን ለማስቆም ነበር። መጋቢት 2020 ሲመጣ ግን ትልልቆቹ ባለገንዘቦች ቁጥሩን በየቀኑ ይመለከቱ ነበር፤ ወደ 30 ሲጠጋ በሩ ሳይዘጋ እንውጣ ብለው ሮጡ። በ2023 ያ ሕግ ተሻረ። ከዚህ የምንማረው ቁጥጥር አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። ሰው ሁሉ የሚያየው ቀይ መስመር አስምሮ «ከዚህ በኋላ በሩ ይዘጋል» ማለት መሸሽን ማስተማር መሆኑን ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት ቁጥጥር እንፈልጋለን? እኛ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አይደለንም፤ ግን ከእነዚህ ታሪኮች በግልጽ የሚወጡ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ የመውጫው ቀን ከንብረቱ ጋር ይመጣጠን። ለመሸጥ ወራት የሚፈጅ ሕንፃ ወይም ብድር የያዘ ፈንድ «በማንኛውም ቀን ውጡ» ብሎ ቃል መግባት የለበትም። ቀድሞ ማስታወቂያ የሚጠይቅ ይሁን፤ ይህም በክፉው ቀን የሚታወጅ ሳይሆን ሰው ሲገባ የሚነገረው ይሁን።

ሁለተኛ፣ የመውጣቱን ወጪ የሚወጣው ሰው ይክፈል። ብዙ ሰው በአንድ ቀን ሲወጣና ፈንዱ በርካሽ ለመሸጥ ሲገደድ፣ ያ ኪሳራ ቀስ ብሎ በቀሩት ላይ እንዳይወርድ በወጪዎቹ ዋጋ ላይ ይታሰብ። ይህ በአንዳንድ አገሮች አሁንም ይሠራበታል። ቀድሞ መሮጥ ጥቅም ካላመጣ የሚሮጥ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ በብድርና በመከላከያ ውል ላይ የቆመ ፈንድ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ ከየት ከፍሎ እንደሚያድር አስቀድሞ ያሳይ። ብሪታኒያ በ2022፣ እኛም በ2020 የተያዝነው በዚህ ነው።

አራተኛ፣ ተቆጣጣሪዎቹ አንድ ላይ ይዩ። በአገራችን ኬረን ኔኤማኑትን የሚቆጣጠረው አንድ ባለሥልጣን ነው፣ ፔንሲያን ሌላ፣ ባንኮችን ደግሞ የእስራኤል ባንክ። በባንኩ ገዥ የሚመራ የገንዘብ መረጋጋት ኮሚቴ አለ፤ ጥሩ ነው። ለጥቂት ባለሀብቶች ብቻ የሚሸጡት የግል ፈንዶች ግን ለሕዝብ እንደሚሸጡት ዝርዝር አያወጡም። ባለሀብቱ ራሱን ይጠብቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የፔንሲያ ድርጅቶችም በግል ፈንዶች ውስጥ ገንዘብ ስለሚያስገቡ የጎረቤት እሳት የእኛም እሳት ነው።

አምስተኛ፣ ማስረዳት ግዴታ ይሁን፤ ሰው በሚገባው ቋንቋ። ይህ የእኛ ሙያ ነውና በድፍረት እንናገራለን። ዓመታዊው ሪፖርት በፖስታ ወይም በስልክ ይመጣል፤ ቤት ውስጥ የሚተረጉመው ልጅ ነው፤ ልጁ ራሱ «ድሜ ኒሁል» ምን እንደሆነ አያውቅም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ገበያ ሲወድቅ ሁለት ነገር ይሆናል። ወይ ማንም ምንም አያውቅም፣ ወይ አንድ ዘመድ «ሁሉም እያወጣ ነው» ይላልና ኬረን ሂሽታልሙቱ ዋጋው እጅግ በወረደበት ቀን ይወጣል። ከሩጫው የሚተርፍ ሰው መረጃ ያለው ነው። መረጃን ለሁሉም እኩል ማድረስ የገንዘብ መረጋጋት ሥራ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

በአገራችን ቁጥጥር ብዙ ጊዜ ከጉዳት በኋላ ነው የመጣው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ከ2008 በፊት የፔንሲያና የጌሜል ገንዘብ ትልልቅ ነጋዴዎች ባወጡት ቦንድ ላይ ያለ በቂ መያዣ ገባ። ከቀውሱ በኋላ አንዳንዶቹ መክፈል አቃታቸውና «ቲስፖሬት» የሚባለው ቃል፣ ፀጉር መቆረጥ ማለት ነው፣ በየዜናው ተሰማ። የተቆረጠው የቆጣቢዎቹ ፀጉር ነበር። የሆዳክ ኮሚቴ በ2010 ሪፖርቱን አውጥቶ፣ ፈንዶች ቦንድ ከመግዛታቸው በፊት የሚጠይቁት መረጃና የውል ጥበቃ ተወሰነ። ጥሩ ሕግ ነው። ከሁለት ከሦስት ዓመት በፊት ቢመጣ ግን ይሻል ነበር።

ቁጥጥር ኪሳራን ይከለክላል አላልንም። ማንም ተቆጣጣሪ ለማንም ትርፍ አያረጋግጥም፤ ኪሳራ ፈጽሞ እንዳይኖር ብለን ሁሉንም በጥሬ ገንዘብ ብናስቀምጠው፣ ወላጆቻችን ሰባ ዓመት ሲሞላቸው የዋጋ ንረቱ በልቶት ይጠብቃቸዋል። የምንጠይቀው ኪሳራ ሲመጣ በትክክል እንዲከፈል ነው፤ ቀድሞ የሰማው አምልጦ፣ ያልሰማው ሁሉን እንዳይሸከም።

ስለዚህ ለአንባቢዎቻችን ሁለት ጥያቄ እናቅርብ። የመጀመሪያው ለቤት ነው። በዚህ ወር ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የፔንሲያ ሪፖርቱን አውጡ፦ በየትኛው መሥመር ላይ ናቸው? ድሜ ኒሁል ስንት ነው? ከድሮ ሥራ የተረሳ ገንዘብ አለ? ይህን የመጨረሻውን «ሃር ሃኬሴፍ» በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ፣ በመታወቂያ ቁጥርና መታወቂያው በወጣበት ቀን ማየት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው። ስለ ፖሊስ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ቤት ክራይ ኪኔሴት ድረስ ሄደን ተናግረናል፣ ደግም አደረግን። ስለ ፈንዶች ሕግ በሚነጋገሩበት ክፍል ውስጥ ግን የድርጅቶቹ ጠበቆች አሉ፣ የባንክ ሰዎች አሉ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ የለችም። ገንዘቧ ግን አለ። እኛም ብንገባ ይገባናል።